ያልወጣ ጌም እንዴት ይጠበቃል?

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ኮምፒውተሬ ስክሪን ጠርዝ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ለጥፌአለሁ። «ኅዳር 29» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። ከሥሩ «ግንቦት 17» ይላል። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡ ሰዎች ያዩታል። አንዲት መምህርት «ሠርግሽ ተላለፈ እንዴ?» ብላ ከልቧ አዘነችልኝ። ጌም ነው ለማለት አፈርኩ። «አዎ፣ ትንሽ ተላለፈ» አልኳት።

ጌሙ ፓራላይቭስ ይባላል። ሰው የምትፈጥሩበት፣ ቤት የምትሠሩለት፣ ሥራ የምታስይዙት፣ ከጎረቤቱ የምታጣሉትና የምታስታርቁት ዓይነት ነው። ሲምስን የተጫወተ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የሚሠራው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ያለ ትንሽ ቡድን ነው። መጀመሪያ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። አሁን የራሴ ደንበኛ፣ የራሴ ዕዳና የራሴ የወገብ ሕመም አለኝ። ጌሙ ግን ይህን እስከምጽፍበት እስከ የካቲት 2018 ድረስ አልወጣም።

እና ስለ አጨዋወቱ ልነግራችሁ አልችልም፤ አልነካሁትም። ስለ አጠባበቁ ግን ልምድ አለኝ። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ አይገርምም።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን በአንድ መስመር ጻፉ

ጌም በጉጉት ሲጠበቅ ያብጣል። ቪዲዮ ባያችሁ ቁጥር አንድ ፍላጎት ይጨመራል። መኪና ይኑረው፣ ዝናብ ይኑረው፣ ገበያ ይኑረው፣ ፈረስ ይኑረው። መጨረሻ ላይ የምትጠብቁት ጌም እነሱ ከሚሠሩት ጋር ዝምድናው ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ወረቀት አንሡና «ይህ ብቻ ቢኖረው ይበቃኛል» የምትሉትን ጻፉ። አንድ መስመር ብቻ።

የእኔ መስመር «የአያቴን ክብ ቤት መሥራት» ይላል።

ነገሩ የጀመረው በሲምስ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጌም ነው፤ እኔ ጋ የደረሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የማን እንደሆነ በማላውቀው ፍላሽ ነው። (ተሰርቆ የተቀዳ ነበር፤ አልዋሽም።) ገና እንደከፈትኩት የአያቴን ቤት ልሠራ ተነሣሁ። ግድግዳው ወይ ቀጥ ይላል ወይ በሰያፍ ይሄዳል፤ መዞር የሚባል ነገር አያውቅም። አጠጋግቼ አጠጋግቼ ስምንት ማዕዘን አደረግሁት። ቤት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን መሰለኝ። አያቴን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ወጥ ስትሠራ ሳያት ደንግጬ አጠፋሁት።

የፓራላይቭስ ሠሪዎች ታዲያ ባሳዩት ቪዲዮ ላይ ግድግዳውን በማውስ ይዘው ጎበጥ አደረጉት። ሌላው ሰው ስለ ሰዎቹ ፀጉር ሲያወራ እኔ ያንን ጥቂት ሰከንድ ደጋግሜ አየሁ።

አንድ መስመራችሁን ስታውቁ ዜና ማንበብ ይቀላል። ከመስመሩ ጋር የማይገናኘውን ታልፉታላችሁ። «ይህ የለውም፣ ያ የለውም» እያለ የሚጮኸውም አያናድዳችሁም።

ቀኑን በእርሳስ ጻፉ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለጌም ጠባቂ የተተረተ ይመስለኛል። እኔ ላሟን አንድ ጊዜ ልታለብ ደርሻለሁ።

ላይፍ ባይ ዩ የሚባል ጌም ነበር። ፓራዶክስ የሚባለው የስዊድን ኩባንያ ነበር የሚያወጣው። ሥራውን የሚመራው ሮድ ሀምብል ቀድሞ ሲምስን የመራ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ምን ዋስትና ይፈለጋል? መጀመሪያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ይወጣል አሉ። ወደ ማርች 5 ቀን 2024 ተዛወረ። ከዚያ ጁን 4 ተባለ። ከዚያ ቀኑ ራሱ ተነሣ። ጁን 17 ቀን 2024 ጌሙ ጭራሽ ተሰረዘ።

እኔ ለዚያ ጌም ብዬ የዕቁብ ዳኛዋን ዕጣዬ ቀደም እንዲልልኝ ለምኜ ነበር። ምክንያቱን «የቤት ዕቃ» አልኳት። በዚያ ጊዜ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። መሰረዙን የሰማሁት ወረቀትና ቀለም ልገዛ አዲስ አበባ በሄድኩበት ሳምንት፣ መርካቶ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ስልኬ ኔት ሲያገኝ የመጀመሪያው ዜና እሱ ሆነ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ። አስተናጋጁ ሰው የሞተብኝ መስሎት «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቀን በእርሳስ ብቻ መጻፍ ነበረብኝ። ፓራላይቭስ ዲሴምበር 8 ቀን 2025 ይወጣል ሲሉ ኅዳር 29 ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌ ነበር፤ የሰው ልጅ ቶሎ አይማርም። በኖቬምበር ወር ወደ ሜይ 25 ቀን 2026 ተዛወረ። በእኛ ግንቦት 17 መሆኑ ነው።

ቀን ሲዛወር ግን የተዛወረበትን ምክንያት አንብቡ። ዝም ብሎ «ጥራቱን ለመጠበቅ» የሚል ነገር ምንም አይነግራችሁም። እነዚህ ሰዎች ግን ሰዎችን እንዳስሞከሩ፣ ስህተቶች እንደበዙና የፈጠርናቸው ሰዎች የሚኖሩበት የጌሙ ክፍል ገና ሥራ እንደሚቀረው ተናገሩ። ያ አናደደኝ፤ አረጋጋኝም። ግድግዳው ዘምሟል ብሎ ሥራ የሚያቆም አናጢ፣ ዘምሞም የሚጨርስ አናጢ አንድ አይደሉም።

የሚወጣው ያላለቀ መሆኑን ለራሳችሁ ንገሩ

ግንቦት ላይ የሚወጣው «ኧርሊ አክሰስ» የሚሉት ነው። ያላለቀውን ይሸጡላችኋል፤ እናንተ እየተጫወታችሁ እነሱ ይሠራሉ። የሚሸጥበት ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ራሱ ገጹ ላይ ያስጠነቅቃል፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ካላጓጓችሁ ቆዩ ይላል። ሻጭ እንዲህ ሲል ስሙት።

አልቋል የተባለውም ቢሆን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ሲምስ 4 በሴፕቴምበር 2014 ሲወጣ መዋኛ ገንዳ አልነበረውም። ድክ ድክ የሚል ሕፃንም አልነበረውም። ልጁ ከአልጋ ይነሣና ቀጥ ብሎ ተማሪ ይሆናል። (እናቴ ይህን ብትሰማ «ምነው የእኔዎቹም!» ትል ነበር።) ገንዳው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ መጣ። ሕፃኖቹ እስከ ጃንዋሪ 2017 አስጠበቁ። በኋላ ዋናው ጌም ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በነፃ ሆነ። ተጨማሪ ጥቅሎቹን ሁሉ ልግዛ ያለ ግን ከ1000 ዶላር በላይ ያወጣል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዋጋ ከፍለው የገዙትን ሳስብ፣ መዘግየት አንዳንዴ ቁጠባ ነው።

የፓራላይቭስ ሰዎች በገንዘብ የሚሸጥ ተጨማሪ ጥቅል አናወጣም ብለዋል። ማሻሻያው ሁሉ በነፃ ይሆናል አሉ። አንድ ልቤ አመናቸው። ሌላው ልቤ «ደሞዝ ከየት ሊከፍሉ?» ይላል። እስካሁን ሥራውን የደገፈው በፓትሪዮን በየወሩ የሚያዋጣው ሕዝብ ነው።

ኮምፒውተራችሁን አሁኑኑ እዩ

ይህ አጭር ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ንኩ። «ሜሞሪ» የሚለው ራማችሁ ነው። «ጂፒዩ» የሚለው የግራፊክስ ካርዳችሁ ነው። ሁለቱን ጻፉና ስቲም ላይ በጌሙ ገጽ ግርጌ ካለው «ሚኒመም» (ጌሙ ከሚጠይቀው ዝቅተኛው) ጋር አስተያዩ።

ይህን ባለማድረጌ ከኢንዞይ ጋር ተጣልቻለሁ። ኢንዞይ የኮሪያው ክራፍተን ጌም ነው፤ በማርች 28 ቀን 2025 በኧርሊ አክሰስ ወጣ። ውበቱ አይነገርም። የሰዎቹን ቆዳ ስታዩ ልትነኩት ያምራችኋል። እኔ ከማየት ብዛት ያለቀልኝ መስሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። ዝቅተኛው የሚጠይቀው 12 ጊጋ ራምና አርቲኤክስ 2060 ካርድ ነው። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ነው፤ የተለየ ካርድ የለውም። ሲሞቅ ደግሞ እንደ ምጣድ ነው። ካርድ ያለው ላፕቶፕ የሚሸጥበትን ዋጋ ጠይቄ ሳቅሁ። ሻጩም አብሮኝ ሳቀ።

ሌላ ማየት ያለባችሁ ነገር፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን አይጠይቅም። እኛ እንጠይቃለን። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ደግሞ ጌሙን በየአሥር ደቂቃው ሴቭ የማድረግ ልማድ ከአሁኑ አዳብሩ። መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ጣራ ላይ ስትደርሱ ነው።

ገንዘቡን ለብቻው አስቀምጡ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከ150 በላይ ነው። 40 ዶላር የሚሸጥ ጌም ማለት ከ6000 ብር በላይ ማለት ነው። በስንት ገጽ ፎቶ ኮፒ እንደሚገኝ አስልቼ ካልኩሌተሩን ዘጋሁት።

ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አጠራቅሙ። ከቤት ወጪ ጋር አትቀላቅሉት። እኔ ባዶ የቶነር ካርቶን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ማንም አይከፍተውም። (አሁን እናንተ አወቃችሁ።)

ቀድሞ ማዘዝ ቢቻልም አትቸኩሉ። ጌሙ ሸሽቶ አያመልጥም። በወጣ በሁለተኛው ቀን የእናንተ ዓይነት ላፕቶፕ ያለው ሰው ቪዲዮ ይለቅቃል። እሱን ካያችሁ በኋላ ግዙ። ስቲም ላይ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ገንዘባችሁን ይመልሳል። ሁለት ሰዓቱ ግን ሰው ስትፈጥሩም ይቆጥራል። እኔን የመሰለች አፍንጫ ስታስተካክል አንድ ሰዓት የምታጠፋ ሰው እዚህ ላይ ትጠንቀቅ። መጀመሪያ ያገኛችሁትን ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ ቤት ሥሩ፤ ላፕቶፑ መቻሉን እዩ። አፍንጫው ይደርሳል።

ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ ይላክልኝ የምትሉም አላችሁ። የጌሙ ዋጋ በሁለቱ አገሮች በጣም ከተለያየ ስቲም ስጦታውን አያሳልፍም። ዘመዳችሁን ከማስቸገራችሁ በፊት ይህን ንገሩት።

እስከዚያው ቤቱን ለኩ

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እናንተም የምትሠሩት ቤት ካለ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አያቴ ያለችው ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አሁን የምትኖረው አጎቴ በሠራላት ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቤት ነው። ክቡ ቤት ከጎኑ ቆሟል፤ ዶሮ ያድርበታል፤ እንጨት ይቀመጥበታል። አጎቴ ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ ሊያፈርሰው ነው። ሳሩ በስብሷል፣ በአንድ በኩል ያፈሳል፤ እውነቱን ነው። ጌሙ ግንቦት 17 ይወጣል። ቤቱ በሚያዝያ ይፈርሳል። ይህን ሳስብ ነው እርሳሴን ያነሣሁት።

ክብ ቤት መለካት ቀላል ነው፤ ምሰሶ አለውና። ገመድ ምሰሶው ላይ እሰሩ። ወደ ግድግዳው ወጥራችሁ ውሰዱት። አያቴ «ሰባት ክንድ ነው» አለች፤ አባቷ ሲያሠሩት ሰምታለች። እኔ በሜትር ስለካው 3 ሜትር ከ40 ሆነ። ሰባት የአያቴ ክንድ ማለት ይኸው ነው። ገመዱን በአራት አቅጣጫ ሞክሩ፤ የጭቃ ቤት ፍጹም ክብ አይሆንም። የእኛው በበሩ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ይሰፋል። ርዝመቱን በሁለት አባዙና በ3.14 አባዙት፤ የግድግዳው ዙሪያ ይወጣል። ወደ 21 ሜትር መጣልኝ።

ከዚያ የግድግዳውን ውፍረት በር ላይ ለኩ። ቁመቱን ከውጭም ከውስጥም ለኩ፤ የውስጡ ወለል ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የመደቡን ቁመትና ስፋት ጻፉ። ምድጃው ከምሰሶው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጎታው የት እንደቆመ፣ የጥጆቹ ጋጥ ከየት እስከ የት እንደነበር። ጋጡ አሁን የለም። አያቴ ግን በዘንግ መሬት ላይ አሰመረችልኝ፤ አልተጠራጠረችም። ቆጡ ላይ ምን ይቀመጥ እንደነበርም ጠየቅኋት። «አንቺ የማትደርሺበት» አለችኝ።

ፎቶ ስታነሡ አንድ ሜትር ዱላ አብሮ ይቁም፤ በኋላ ከፎቶው ልክ ማውጣት ይቻላል። ማለዳ በሩን ከፍታችሁ አንሡ፤ ቤቱ መስኮት ከሌለው ሌላ ብርሃን አታገኙም። ለቀለም ደግሞ ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይዛችሁ አንሡት። ፓራላይቭስ የፈለጋችሁትን ቀለም መምረጥ እንደሚያስችል አሳይተዋል። ያለ ነጩ ወረቀት ግን ስልካችሁ የጭቃውን ቀለም ይዋሽባችኋል። የእኛ ግድግዳ እንደ ሽሮ ነው ብዬ አምን ነበር። ወረቀቱን ሳስጠጋ ወደ አመድ የሚያደላ ሆኖ አገኘሁት። ከላይ ያለው ማገር ደግሞ በጥላሸት ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ቫርኒሽ የተቀባ ይመስላል።

ማታ ካሬ ደብተር ላይ አስፍሩት። አንድ ካሬ ግማሽ ሜትር ይሁን። ክቡን በክርና በመርፌ ሥሩ፤ ኮምፓስ አይፈልግም። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። የእኔ ትልቁ ጥያቄ ጣራው ነው። ግድግዳውን ማጉበጥ አንድ ነገር ነው። የሾለ ክብ ጣራ፣ ያውም ሳር፣ ሌላ ነገር ነው። ቆርቆሮ ካስመሰለብኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አንድ ልቤ፣ ሌላው ልቤ

ጉጉት ብቻ ነው ካልኳችሁ ዋሸሁ። እፈራለሁም።

የሰዎቹን ቁመት ማሳጠርና ማርዘም ይቻላል ብለዋል። አያቴን አጭር አደርጋታለሁ፤ ቀሚሷን አለብሳታለሁ። ከዚያስ? ጠዋት ተነሥታ ሰው ሠራሽ ቁርስ ትበላለች። ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። ጀበና ይኑር አይኑር እንጃ። ኖሮም አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚል የለም። ጎረቤት ሳይጠራ ቡና የሚጠጣበት ቤት እሷ ቤት አይደለም። ኢንዞይ የኮሪያ፣ የአሜሪካና የኢንዶኔዥያ መልክ ያላቸው ከተሞች አሉት። ጎጃምን የመሰለ የሚያወጣ ኩባንያ እየጠበቅሁ አይደለም። ግን ቀናሁ፤ አልደብቅም።

እና እዚህ ላይ ያለኝ ምክር አንድ ነው። አሁን ያላችሁን ጌም አታጥፉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ አዲሱን እየጠበቅሁ ሲምስ 3ን ከነቤቶቹ አጥፍቼ ነበር፤ ቦታ ልቆጥብ ብዬ። ያ ስምንት ማዕዘን አሁን ናፈቀኝ።

ባለፈው እሑድ ደብተሩን ይዤ አያቴ ጋ ሄድኩ። ሥዕሉን አሳየኋት። ጣቷን ዙሪያውን አስኬደችው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ውስጥ ማን ይገባበታል?»

«አንቺ ነሻ፣ እምዬ።»

«እሳት ይነዳል?»

«ይነዳል መሰለኝ።»

«ጢሱስ በየት ይወጣል?»

ዝም አልኩ። እርሳሴን አወጣሁና ከጣራው ጎን «ጢስ» ብዬ ጻፍኩ። የጥያቄ ምልክትም አደረግሁበት። እሷ ሥዕሉን እያየች «በሳሩ ነው የሚወጣ፣ በሁሉም በኩል» አለች። እሱንም ጻፍኩት።